«እንዴት አደሩ፣ አባቴ»

ለልጄ፦

ያለሽበት አገር ክፉ አያሳይሽ፤ የወጣሽበት በር በሰላም ይቀበልሽ።

እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። የሳሎኑ ጣሪያ ግን ዛሬም ያፈሳል። የማሠሪያውን ገንዘብ አባትሽ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ላገኘው ሰው ላከዋ! በሳምንት እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ ብሎት። ሱሪ ለማሳጠር እንኳ ቀብድ ሳይቀበል መቀስ የማያነሳ ልብስ ሰፊ፣ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሰው! ጭራሽ «ትርፉ እንዲለቀቅ ትንሽ ይቀራል» ሲለው፣ አንደኛውን የስፌት መኪና ሸጦ ጨመረለት።

«ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጨዋ ልጅ እኮ ነው፤ በየማለዳው ‹እንዴት አደሩ፣ አባቴ› እያለ ይጽፍልኛል።»

ጨዋው ልጅ ገንዘቡን ከወሰደ ወዲህ የውሃ ሽታ ሆኗል። አባትሽ ግን አሁንም ገና ዓይኑን ሲገልጥ ስልኩን ይዳብሳል። ትናንት ደግሞ «ልጁ አሞት ይሆን እንዴ?» አይለኝም! ስልኩን ከግድግዳ ላላትመው ምንም አልቀረኝ።

ገንዘብ ላኪ ማለቴ አይደለም፤ ለጣሪያው ባልዲ አለን። ሥራ እንደሚበዛብሽም አውቃለሁ። ብቻ ጠዋት ጠዋት አንድ መስመር ጻፊለት፤ እንዴት አደርክ በይው።

እጅሽ ይባረክ፤ የጀመርሽው ይቃናልሽ።

እናትሽ

ስትጽፊለት ታዲያ «አንተ» በይው። «እርስዎ» ካልሽው ያ ልጅ ተመለሰ ብሎ የቀረችንንም መኪና ይሸጣታል።