በአቮካዶ ምክንያት ለተሰረዘው ስሜ፣ ለዶክተር ዓለምሰገድ

የለም፣ ክቡር ዶክተር፣ ሽማግሌ የላክሁት ተፎካካሪዬን አቢግያን ለማግባት አይደለም። ጤናዎ ይብዛልኝ፣ ናይሮቢ ዌስትላንድስ ያለው የቢዝነስ ኮሌጅዎም በተማሪ ይጥለቅለቅ፤ እኔ ግን ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ካልሲዬን እንኳን የማጥበው እማዬ ስትጮህብኝ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ኮሌጁ ዓለም አቀፍ ንግድ የሚያስተምረው በኮምፒውተር ጌም ነው። ስምንት ሳምንት የውሸት ኩባንያ ትመራለህ፣ ያሸነፈ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬት ኮሌጁ በነፃ ይገባል። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ እየመራሁ ነበር። ትናንት ዲስኳሊፋይ ተደረግኩ፣ ስሜ ከውድድሩ ተሰረዘ። ቅሬታዬን በትሕትና፦

፩. የአቢግያና የኔ ኩባንያ አቮካዶ በርካሽ ለመሸጥ ስንፎካከር ሁለታችንም ልንከስር ደረስን። መመሪያዎ «ግጭት ሲፈጠር በአካባቢው ባህል ፍቱ» ይላል። ባህላችንን ስላስታወሱን እግዜር ይስጥልን። እኔም ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ካርጎ የሚሠሩትን ጋሽ ጓንጉልን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ላቪንግተን፣ እነአቢግያ ቤት ለሽምግልና ላክኋቸው።

፪. አባቷ አቶ ብርሃነመስቀል ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ሲያዩ አቮካዶ እስኪባል አልጠበቁም፤ ልጁ ሥራው ምንድነው፣ ትምህርቱስ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ጓንጉል ውሸት አያውቁም። ትምህርት አቋርጧል፣ ግን ኮምፒውተር ውስጥ አሥራ አንድ መርከብ አለው አሉ። በሩ ተዘጋ። የአቢግያም ስልክ ተቀማ፣ ኩባንያዋ ያለ ሥራ አስኪያጅ ቀረ።

፫. እርስዎ ደግሞ «ከጌሙ ውጪ ግንኙነት አድርገሃል፣ ፖሌ ሳና» ብለው፣ በስዋሂሊ በጣም አዝናለሁ ማለትዎ ነው፣ በኢሜይል አጽናኑኝ። ነጋዴ ከሰው ጋር መነጋገር እንደሌለበት ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬. አሁን አንደኛ የሆነው መልአኩ የሚባለው ተወዳዳሪ ነው፤ ስምንት ሳምንት ምንም ሳይሸጥ፣ ስለዚህ ምንም ሳይከስር። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ምዝገባው ነገ ጠዋት ይዘጋል። ናይሮቢ ውስጥ ሰርተፊኬት የማይጠይቅ ሌላ ኮሌጅ የለም፤ በእግሬ ዞሬ አይቻለሁ።

በታላቅ አክብሮት እየተንጨረጨርኩ፣ መንገድ ተዘግቶ ከቆመ ማታቱ ሚኒባስ የኋላ ወንበር፣
ዮአብ ታዴዎስ

ማስታወሻ፦ ይህን የናይሮቢ ሐበሾች ማኅበራችን ዋትስአፕ ላይ የለጠፍኩት እማዬ ግሩፑ ውስጥ ስለሌለች ነው። ልጄ ኮሌጅ ገባ ብላ ለሰንበቴው ሁሉ አውርታለች፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ መሰረዜን ጎረቤት ቀድሞ ይነግራታል። እኔ መንገር አልደፈርኩም። ወይ ስሜን ይመልሱ፣ ወይ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። ዛሬ ሳይጨልም ይደውሉልኝ።