ውሻ አንደኛ የወጣበት ስብሰባ

ኢዩዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ በሄድክበት ሁሉ የሰው ፊት ይፍታልህ። የናዝሬት አዋራም እንደ እኔ ናፍቆሃል። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ፖሊስ ሳጅን ራህመቶ በእድሩ አዳራሽ ሰብስቦን «ከሁሉ በፊት የቱ ችግር ይፈታላችሁ?» አለን። በጠራራ ፀሐይ በባጃጁ እየመጣ የሴቶችን ቦርሳ የሚነጥቀው ምንተስኖት መሆኑን የማያውቅ የለም። ግን እናቱ መሰለች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባትህ ሲያርፍ ንፍሯችንን የቀቀለች ሴት ፊት ማን ይናገር? በመጨረሻ አንዱ «በየመንገዱ የሚባዝኑት ውሾች ነገር ይታሰብበት!» አለ። ከውሾቹ ወገን የተገኘ ስላልነበረ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በዚያ በሚያምረው የመምህርነት እጅ ጽሑፌ።

ፖሊስ ቃሉን ጠበቀ፤ እስከ ሰኞ አንድም ውሻ አልቀረም። ማክሰኞ ባለሱቋ ዘሃራ ቦርሳዬን አልለቅም ብላ ባጃጁ ጎተታት፤ ክንዷ ተሰበረ። ልጠይቃት ብሄድ «ቲቸር፣ ውሻ ነከሳት ብለው ይጻፉልኛ!» አለችኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ስብሰባ አለ። መሰለች ዳግም ደጄን ባትረግጥም የልጇን ስም እናገራለሁ። ከአንድ ትሪ በልታችሁ ነው ያደጋችሁት፤ እባክህ ቀድመህ ደውልለትና በእግሩ ሄዶ እጁን እንዲሰጥ ለምነው። አንተን ይሰማ ነበር።

እናትህን የማታሳፍር ያድርግህ። ምንተስኖትንም በክርስትናው ቀን እንዲሁ ብዬ መርቄው ነበር።