በጫልቱ ስም

ሰኞ፣ የካቲት 3፤ ሜቱ፣ ጠዋት

ሜዳው ጤዛ ነው። ሩጫ፣ ከዚያ ቅብብል። ሐዊ፣ አምበሌ፣ ከሁሉም ቀድማ መጥታ መስመሩን በኖራ አስምራለች። ጎበዝ! ጫልቱ ቡና ስታሰጣ አርፍዳ እየሮጠች ደረሰች። ፈጣን አይደለችም፣ ኳስም ትፈራለች፣ ግን ከልምምድ ቀርታ አታውቅም። ቅዳሜ ቡሬ ላይ በውድድሩ በቀኝ ተከላካይነት ትሰለፊያለሽ አልኳት። ፊቷን ብታየው ኖሮ፣ ደብተሬ!

አቶ ደሳለኝ መጣ። የሰፈሩ ቡድን መሪ እሱ ነው፤ እኔ አሠልጣኝ ብቻ። ገለል አድርጎ አነጋገረኝ። ከኖፓ አንዲት አጥቂ አግኝቷል፣ ብርሃኔ የምትባል። ውድድሩ ከ17 ዓመት በታች ነው፤ እሷ ያንን ካለፈች ቆይታለች። ችግር የለውም ይላል። በጫልቱ ስም ትገባለች፣ ጫልቱ ቤቷ ትቀመጣለች፣ በቃ። ሁሉም ቡድን የሚያደርገው ነው አለ። ሳቀ ደግሞ!

አይሆንም አልኩ። ጩኸቴ ከት/ቤቱ አጥር ማዶ ሳይሰማ አልቀረም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5፤ 11 ሰዓት

አቶ ደሳለኝ ሽማግሌ ላከብኝ! ወይ ጉድ! ለሚስት ልመና ነው እንዴ?

ከፊት ጋሼ ረጋሳ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ። ከኋላቸው ሁለት የሰፈር አባቶች። ግቡ፣ ተቀመጡ ብል እምቢ። እሺ ካላልሽ አንቀመጥም። ጋሼ ረጋሳ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንደማውቅ ያውቃሉ፤ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

ከአቶ ደ. ጋር ተጣልታችኋልና ታረቁ ነው ነገሩ። ምን ተጣላሁና ነው የምታረቀው? የልጅ ስም ሊሰርቅ ነው እያልኩ፣ እነሱ ሰይጣን በመሃላችሁ ገብቶ ነው ይሉኛል። እኛ አገር እንዲህ ነው። ጃርሱማ፣ የሽማግሌ ዕርቅ፣ ከተጠራ ነገሩ ሁሉ ኩርፊያ ይሆናል፤ አጥፊውና እምቢ ያለው እኩል ይቅር ይባባላሉ። ተናደድኩ፣ ግን በማን ላይ ልጩህ?

ጋሼ ረጋሳ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሳፍረሽ አትመልሺንም” አሉ። እዚህ ላይ ወገቤ ተሰበረ።

መታረቁን እሺ አልኩ። ቡድኑን ግን አልነካም አልኩ፣ በግልጽ፣ ሁለቴ። ማን ሰምቶ! ምርቃቱ ተጀምሯል። አቶ ደ. ለካ ከአጥሩ ውጭ ይጠብቅ ኖሯል። ገብቶ ትከሻዬን ሳመ። አሜን፣ አሜን። ደሜ እየፈላ ለስላሳ ቀዳሁላቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 7፤ ቡሬ፣ ማምሻውን

ጠዋት ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ብርሃኔ ተቀምጣለች፣ የጫልቱን ማልያ ለብሳ። ጫልቱ የለችም። ልጆቹ እንደነገሩኝ አቶ ደ. ትናንት ቤቷ ሄዶ ለእናቷ ለእትዬ ድንቂቱ ነግሯል። ቲቸሯ ሽማግሌ ፊት እሺ ብላለች፣ ልጅሽ ትቅር፣ ብሎ። በእኔ አፍ! እኔ ያላልኩትን! ልጅቷ ቲቸሬ ናት ያስቀረችኝ ብላ ስታለቅስ አድራለች።

ልቅር አልኩ። ቀርቼስ ልጆቹን ለማን ልተው? ተሳፈርኩ።

አቶ ደ. መንገዱን ሙሉ ስም እያለማመዳቸው ሄደ። ይቺ ጫልቱ ናት፣ ዳኛ ቢጠይቃችሁ ጫልቱ። ሐዊ የኔዋ፣ ያቺ አንበሳ፣ ዞር ብላ ብርሃኔን ጫልቱ ውኃውን አቀብዪኝ አለቻት። አንዷም አልሳቀችም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው፣ ደብተሬ። ሳይስቁ አሉት።

ብርሃኔን ልጠላት ሞከርኩ፤ እሱም አልሆነልኝ። አዲስ አበባ ክለብ አስገባሻለሁ ብሏት ነው የመጣችው። አሳዘነችኝ።

አሁን ለእትዬ ድንቂቱ ልደውል ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፤ 3 ሰዓት

ትናንት እትዬ ድንቂቱ መጀመሪያ ሰደቡኝ። አስተማሪ አይደለሽም አሉኝ። ዋጥኩት። ከዚያ ሁሉንም ከሥሩ ነገርኳቸው። እሺ፣ በመጀመሪያው መኪና እሰዳታለሁ ብለው ዘጉት።

መጣች! ጫማዋን በፌስታል ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ። ማልያውን ብርሃኔ ራሷ አውልቃ ሰጠቻት።

ቡድኑን ሰብስቤ ጫልቱ ራሷ ትጫወታለች አልኩ። ሐዊ አለቀሰች። ሰሚራ፣ በረኛዋ፣ አፈጠጠችብኝ። ያለ አጥቂ እንሸነፋለን፣ ዓመቱን ሙሉ ለምን ለፋን አለች። ልትሸነፉ ትችላላችሁ አልኳት። ልክ ነች።

አቶ ደ. ካደርንበት ክፍል በር ላይ ጠበቀኝ። ዕርቅ አፍርሰሻል፣ ሽማግሌ ንቀሻል፣ ከእንግዲህ ሜቱ ላይ ፊሽካ አትነፊም አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው የጫልቱ ስም ነው፣ ሲጠራም ብርሃኔ ናት የምትወጣው ብሎ ፎከረ። ይሞክረው! ፊሽካውን ከፈለገ ይውሰደው፤ ከአንገቴ አውልቄ የክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ጋሼ ረጋሳ እግር ላይ እወድቃለሁ፣ እሳቸውን እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከጨዋታው በኋላ።

4 ሰዓት ሊሆን ነው። ዳኛው ወረቀቱን ይዞ ወደ መሃል እየሄደ ነው። ጫልቱን ከሐዊ ጎን አቆምኳት። ስምሽ ሲጠራ አቤት በይ አልኳት። አቤት አለች፣ በአፍንጫዋ፣ አንገቷን ደፍታ።

እንደሱ አይደለም አልኩ። ቀና በይ። አቶ ደሳለኝ የቆመበት ድረስ ይሰማ።