የጧፍን ዋጋ በሕዝብ ፊት ያስጠሩት የቄሰ ገበዝ ቢሆነኝ ገላው የሕይወት ታሪክ

ቄሰ ገበዝ ቢሆነኝ ገላው ከአባታቸው ከአቶ ገላው በላቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውበቴ ተሰማ፣ ከየጁቤ በታች ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ በ1892 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ለዜማ ትምህርት ወደ ሞጣ ሄደው፣ ቁራሽ እየለመኑ ተማሩ። በ1914 ዓ.ም. ወይዘሮ ፋንታነሽ አየለን በቁርባን አግብተው ቅስና ተቀበሉ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ ቢቸና አጠገብ ወዳለችው ወይራምባ ማርያም መጡ። በ1943 ዓ.ም. ገበዝ ሆነው ሲሾሙ የደብሯን ንብረት መጠበቅ፣ ዕጣንና ጧፍ መግዛት የእርሳቸው ሥራ ሆነ።

በዚህ ሥራ ብርቱ ነበሩ። ጧፍ የሚሠሩት ሴቶች ዋጋ ሲጠሩ፣ “ለማርያም እኮ ነው፤ ቀንሺ እንጂ!” ይሉ ነበር። ለማርያም ነው ከተባለ ማን ይከራከራል? ሴቶቹ ይቀንሳሉ፤ ለደብሯ ይተርፋታል፤ እርሳቸውም ታቦት ያገለገሉ ይመስላቸዋል።

በ1949 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴው መካከል ላይ ጧፉ ይንጣጣ፣ ይጨስ ጀመር። ቤተ መቅደሱ ጥብስ ጥብስ ሸተተ። ሰሙ ውስጥ የላም ሞራ ተቀላቅሎበት ነበር። ጧፉን የሠሩት ወይዘሮ ይርጋነሽ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የልጆች እናት ናቸው። ቄሰ ገበዝ ደጀ ሰላም አስጠርተው፣ “በጾም ለእመቤታችን ሞራ ታበሪያለሽ?” ቢሏቸው፣ “አባቴ፣ ንጹሕ ሰም ላድርግ ካልሁ ልጆቼ ጦማቸውን ያድራሉ” አሉ። አልሰሟቸውም። ማንም ከእጃቸው እንዳይገዛ ገዘቱ። ወይዘሮ ይርጋነሽም እንጨት እየለቀሙ መሸጥ ያዙ።

በጥቅምት የሞጣው የሰም ነጋዴ አቶ አብዱልዋሂድ በቅሏቸውን ጭነው ቢቸና ገበያ መጡ። ከቄሰ ገበዝ ጋር የቆየ ቀልድ ነበራቸውና፣ “አባ ቢሆነኝ፣ እኔ ሰሙን ለሴቶቹ የምሸጠው በዋጋው ነው። እናንተ ጧፉን የምትወስዱት ከሰሙ ዋጋ በታች ነው። የጎደለውን ማን ይሙላው? ላሟ ሞላችዋ!” ብለው ሳቁ። ቄሰ ገበዝ አልሳቁም። ሰም ገዝተው ገቡ፤ ከወይዘሮ ፋንታነሽ ጋር አቅልጠው፣ ክር ነክረው ራሳቸው ሠሩት። ደብሯ በምትከፍለው ሂሳብ ቢያስቡት የሰሙን እንኳ አልመለሰም። ወይዘሮ ፋንታነሽ ትኩስ ሰም የላጠውን የገዛ እጃቸውን እያዩ፣ “እንግዲህ እኔንም ይገዝቱኛ!” አሏቸው።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ተነሥተው ቆሙ። “ሞራውን የቀላቀልሁት እኔ ነኝ” አሉ። “የእመቤታችንን ስም እየጠራሁ የድኻ ጉልበት ቀማሁ።” ግዝቱን ፈትተው በሰው ሁሉ ፊት ከወይዘሮ ይርጋነሽ እግር ላይ ወደቁ። ከእንግዲህም ደብሯ ጧፍ ስትገዛ የሰሙ ዋጋ ከነጋዴው ይጠየቅ፣ የሠሪዋ ድካም ይታሰብ፣ ዋጋውም በሕዝብ ፊት ይጠራ ሲሉ ሥርዓት አቆሙ።

ነገሩ ግን ቀላል አልሆነላቸውም። ለጧፍ የሚከፈለው ስለ ጨመረ የበዓሉ ድግስ የቀነሰባቸው ካህናት፣ “ቄሰ ገበዙ ገበያውን ደጀ ሰላም አስገቡት” እያሉ ያሟቸው ነበር። እርሳቸውም፣ “ገበያውማ ድሮም እዚሁ ነበር፤ ውጭ የቀረው ሚዛኑ ነው” ይሉ ነበር። በየዓመቱ ያንኑ ክርክር ሲከራከሩ ድምፃቸው ሰለለ፣ ትከሻቸው ጎበጠ። በ1957 ዓ.ም. ከገበዝነት ተሻሩ። ዋጋው ዝቅ አለ፤ በሕዝብ ፊት መጠራቱ ግን አልቀረም። እርሳቸውም ዋጋው በሚጠራበት ዕለት ሁሉ በምርኩዝ እየሄዱ ከፊት ይቆሙ ነበር። ልጆቻቸው “አባባ፣ ተሽረው ሳለ ለምን ይደክማሉ?” ሲሏቸው፣ “ካላዩኝ ከዚህም ይቀንሳሉ” ብለው ይመልሱ ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸው፣ እግራቸውም ያብጥ ነበር። ሞጣ ድረስ ወስደን አሳክመናቸው ጥቂት ተሽሏቸው ነበር። ሆኖም ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፋንታነሽን፣ ልጆቻቸውን ባንቺዓለምን፣ ሀብትነሽንና ይሁኔን፣ የልጅ ልጆችንም ትተው ሄደዋል።

አሁን በአስከሬናቸው ዙሪያ የበራውን ጧፍ የሠሩት ወይዘሮ ይርጋነሽ ናቸው። ትናንት ይዘው ሲመጡ፣ “ለእርሳቸውማ ዋጋ አልቀበልም” ብለው እምቢ አሉ። ወይዘሮ ፋንታነሽ ከለቅሶው መካከል ተነሥተው፣ “ይርጌ፣ ተቀበዪኝ። በነጻ የወሰድሁብሽ እንደ ሆነ እዚያም ሄደው አያርፉም” አሏቸው። ወይዘሮ ይርጋነሽም እያለቀሱ ተቀበሉ።

የድካምን ዋጋ የማያስቀር አምላክ የአባታችንን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።