ልጄ ያልሞቀውን እሳት

ከሚሴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርህ ለኑርሁሴን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከክፉ ነገር ሁሉ ጠብቆህ ይህ ወረቀት በሰላም ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። በስልክ ማውራት ሲቻል ለምን እንደጻፍኩ ይገርምህ ይሆናል። ስልክ ስትደውል እናትህ ከጎኔ አትጠፋም፤ ድምፅህን እሷም እንድትሰማው ከፍ አድርጊው ትለኛለች። እሷ እየሰማች የማይወራ ነገር ስላለ ጽፌ ወዳንተ አገር ለሚመለሰው ለሰልማን ሰጠሁት።

የእናትህ ሳል ከኅዳር ጀምሮ ብሶባታል። ሰፈራችንን መቼም አልረሳኸውም፤ ታች ከሚሴ ሰው በነጠላ ሲውል እኛ እላይ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው የምንረግጠው። ጤና ጣቢያ ባወርዳት ሐኪሟ «ደረቷን ብርድ እንዳይነካት፣ የምትተኛበት ቤት ይሙቅላት» አለችኝ። ከገበያ ከሰል ገዝቼ ተሸክሜ ወጣሁ። አቀጣጥዬ ማንደጃውን አጠገቧ ባስቀምጠው በእግሯ ገፋችው።

«አውጪልኝ ከዚህ!»

«ምነው እማ? ሐኪሟ ያለችውን አልሰማሽም?»

«ልጄ በዚያ ቆራ ተቆራምዶ፣ እሱ ያልሞቀውን እሳት እኔ አልሞቅም!»

ታውቃታለህ፤ ብርዱ ሲያናድዳት በኦሮምኛ ነው የምትጠራው።

ይህን ከየት እንዳመጣችው አንተ ታውቃለህ። የጀርመን ማሞቂያ ደሞዜን በላው ያልካት አንተ ነህ። አንዱን ክፍል ዘግቼዋለሁ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄዋለሁ፣ በበሩ ሥር አሮጌ ልብስ ወትፌያለሁ፣ ከነካፖርቴ ነው የምተኛው ብለሃታል። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተህ እግርህ ሥር እንደምታደርግም ነግረሃታል። እሷ ቀልድ መሰላት? ሁሉንም ያዘችው። የእኛንም በር በጆንያ አስወተፈችኝ። ራት አብስዬ ስጨርስ ፍሙን አመድ አልብሺው፣ ለነገ ይሁነን ትለኛለች። ማታ ማታ ሃይላንዷን አቅፋ ትተኛለች፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሳሏ ይጀምራል። አንዳንዴ በሳሉ መሃል «ኑርሁሴንም እንዲህ እያሳለ ይሆናል» ትለኛለች። እኔም አምኜ አልቅሼልሃለሁ። ለራሴ ጫማ እንኳ ሳልገዛ ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ቡሉኮ አሠራሁልህ።

ሰልማን ለእህቱ ሰርግ መጥቶ ሊሰናበተን ወጣ። ካንተ ጋር በአንድ ከተማ ስለሚኖር ሁሌም እንደ ወንድምህ ነው የምናየው። እናትህ ተኝታ ስለነበር ደጅ ላይ አስቀመጥኩትና ቡሉኮውን አመጣሁለት። ገልጦ አየውና ሳቀ።

«ይህን ምን ያደርግለታል?»

«ይለብሰዋላ! በብርድ አለቀ አይደል?»

«ኑርሁሴን? ኧረ እሱ ቤት ስገባ በካናቴራ ነው የምቀመጠው። ሙቀቱ ያስተኛል። ልጁ እንኳ በዚያ ውርጭ ወለሉ ላይ በባዶ እግሩ ነው የሚሯሯጠው።»

«የማን ልጅ?» አልኩት።

ሰልማን ቡሉኮውን መልሶ ማጠፍ ጀመረ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። አትቆጣው፣ የማውቅ መስሎት ነው። እያሳዘነኝ ሻይ ቀዳሁለት፤ ሳይጠጣው ተነሣ። እኔም ሌላ ነገር አልጠየቅኩትም። ሴትዮዋ ማን ናት፣ ከመቼ ወዲህ ነው፣ የልጁ ስም ማነው አላልኩም። አሁንም አልጠይቅህም። ሚስትህ ሆኜ አንተን ስጠብቅ አንድ ልጅ እንኳ ሳልወልድ ዕድሜዬ እንዳለፈ አንተው ታውቀዋለህ። ለቅሶ አልተቀመጥኩም፤ የሚቀበር ሰው የለማ።

ስገባ እናትህ ነቅታ ጠበቀችኝ።

«ሰልማን ምን አለ? ልጄ እንዴት ነው?»

ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ንዴቴ እንድነግራት ገፋፋኝ። ከዚያ ከንፈሯን አየሁት፤ ጠቁሯል፤ ጣቶቿም ሃይላንዱ ላይ እንደ እንጨት ደርቀዋል።

«ሞቆታል እማ» አልኳት።

«ልታጽናኚኝ ነው። ማይ በይ!»

«ወላሂ ሞቆታል። ቤቱ ውስጥ በካናቴራ ነው የሚቀመጠው። ሰልማን በዓይኑ አይቶ ነው የነገረኝ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን ፈገግ አለችና «እንግዲያው እሳት አምጪልኛ!» አለች። ያለንን ከሰል ሳልቆጥብ አነደድኩት። ቡሉኮህንም እሷ ትከሻ ላይ ጣልኩት፤ ካሁን በኋላ የሷ ነው። እጆቿን ዘርግታ ስትሞቅ ፊቷ ወዝ ሲመለስበት ተቀምጬ አየሁ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ስትደውል ስለ ብርድ እንዳታነሣባት። ማሞቂያ ተወደደ፣ ገንዘብ ጨረሰ እንዳትላት። እኔን የምትለኝ ነገር ካለህ ተወው። ለሷ ግን ሞቆኛል በላት፤ እውነት ነውና አይከብድህም። አንተ በረደኝ ባልክ ቁጥር እሷ ማንደጃውን ትገፋለች፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ክረምት ደረቷ አይችለውም።

ሙቀቱ ሰውነቷ ውስጥ ሲገባ ዱዓ ጀመረች። «ያ ረቢ፣ ልጄን ያሞቀውን ቤት አሙቀው። እሳቱ አይጥፋበት። በሩን ከፍታ ያስገባችው እጅ ካለች፣ እጇ ይባረክ፤ የወለደችው ይደግ።» ያለችው እንዳለ ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ምን እንደምታውቅ አላህ ነው የሚያውቀው።

ዞር ብላ አየችኝ።

«አሚን በይ እንጂ፣ ልጄ!»

አሚን አልኩ።

አላህ በእዝነቱ ይያዝህ፤ በሥራህ አይመንዳህ።

የእናትህ ጧሪ፣
ዓፊያ