ስልቻው ሥር ያልደረሰ እጅ

ነሐሴ 3 ቀን 1930፣ ደሴ

ዝናቡ ዛሬም አላባራ። ልብስ ላጥብ ብዬ ነበር... በየት ፀሐይ?

ከቅዳሴ በኋላ አባ ገብረ ማርያም ተናገሩ። ቦርከና ሞልቶ የኮምቦልቻን ታች ሰፈር ጠርጎታል። ሰው ጎተራውን ጥሎ ዳገት ላይ ወጥቷል። ያለው ያለውን ያምጣ አሉ።

ጣይባ ታች ሰፈር ናት። ከልጇ ከመዲና፣ ከአማቷ ጋር። ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሁለት ወር ያስጠጋችኝ ጣይባ። ለእኔ ድስት ለይታ፣ ዶሮ ልታበላኝ ስትፈልግ ክርስቲያን ጎረቤት ጠርታ እያሳረደች። ገበያነሽን አሳጥራ "ገበያ" የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። እንዴት ሆና ይሆን?

ነሐሴ 5

ደጀ ሰላሙ ሞላ። ጋቢ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጨው። ፍልሰታ ነውና ያለውን ቋንጣ ሁሉ ሰው አውጥቶ ሰጠ። ራስ የማይበሉትን መስጠት ይቀላል መሰለኝ።

መለየቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ሥጋ ያለበት ስልቻ በነጭ ክር ይታሰራል፣ ለክርስቲያኑ። የሌለበት በቀይ፣ ለእስላሙ። መጀመሪያ እጅ እስከ ሥሩ ገብቶ ይዳስሳል፣ ከዚያ ይታሰራል። ይህን ለወሎ ሰው ማን ያስተምረዋል?

ለቁራሽ የምትሰስት ሸዋረጋ እንኳ ስልቻ ሙሉ ድርቆሽ አመጣች። በቀይ አሰርኩትና ለበቅሎ ጫኚው ለሞላ ሰጠሁት። ጣይባ ቤት ይድረስ አልኩት።

ነሐሴ 6

ሞላ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ከኋላው ድልድዩን ውኃ ወሰደው አሉ። ጣሊያኖቹም መንገዱን ዘጉ። እንኳን ቀድሞ አለፈ... ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ነሐሴ 11

ውኃው ጎድሎ ሞላ ተመለሰ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ።

"ጣይባ ቤት አደረስከው?"

መሬት መሬት እያየ... "ድርቆሹ ሥር የተቀጠቀጠ ቋንጣ ነበረበት፣ እትዬ።"

ሸዋረጋ ዘንድ ሮጥኩ። "ሲያገኙት ደስ ይበላቸው ብዬ ነው ከሥር ያደረግሁት፤ አንቺ ትፈትሺው የለ?" አለች።

የጣይባ አማት ቋንጣውን እንዳዩ ስልቻውን ጎርፉ ውስጥ ከተቱት። የሰፈሩ ሼህ "ለቸገረው አላህ ይምራል" ብለው ነበር፤ ሲደርሱ ግን ስልቻው ሄዷል። መንገዱ ዝግ። አራት ቀን ሌላ ነገር አልደረሳቸውም። መዲና ቀድሞም ትኩሳት ነበረባት አለ ሞላ። ትናንት ቀበሯት። ስድስት ዓመቷ ነበር።

ረሃቡ ነው? ትኩሳቱ ነው? "እኔ ምን አውቄ" አለኝ።

ነሐሴ 12

እዚህ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው? እጄን አላስገባሁም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ ሥጋ ስነካ ውዬ እጄ ሁሉ ቋንጣ ቋንጣ ይሸታል። ምራቄ መጣ። ጾሜ ፈረሰ ብዬ ፈራሁ። የሸዋረጋን ስልቻ ላዩን ብቻ አየሁና በቀይ አሰርኩ። የራሴን ጾም ልጠብቅ ብዬ የሰው ልጅ...

አባ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። "ስግደቱን ትሰግጂዋለሽ" አሉኝ። "ጣይባን ማየቱ ነው የሚከብድሽ።"

ነሐሴ 17

ትናንት ጾም ተፈታ። እኔ ሥጋ አልቀመስኩም። ያለችኝን አንድ በግ በገመድ ይዤ በእግሬ ወረድኩ። ቢላ ያልነካት፣ በራሳቸው እጅ የምትታረድ። ሌላ ምን ይዞ ይኬዳል?

ጣይባ ዳገቱ ላይ ዳስ ውስጥ ነበረች። አልተነሳችልኝም።

"እኔ ነኝ ያሰርኩት። አልፈተሽኩትም" አልኳት።

"ወላሂ፣ እኔም አልፈተሽኩም" አለች። "ቀዩን ክር አይቼ፣ የገበያነሽ እጅ ነው ብዬ ከላዩ አጎረስኳት።"

ገበያነሽ። ስሜን ሙሉውን ጠራችው።

በጓን አማቷ ተቀበሉኝ። ለመዲና ሰደቃ ታረደች። እኔ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ለእኔ ዶሮ የሚያርድ ጎረቤት አልተጠራም። ይጠራልኝ ብዬም አልሄድኩ... ግን ታወሰኝ።

ነሐሴ 25

ሌላ ጭነት ሊሄድ ነው። ክሩን ሲሰጡኝ መለስኩት። አባ ገብረ ማርያም ወደ ኮምቦልቻ ላኩ። የእስላሙን ስልቻ ከራሳቸው አንድ ሰው መጥቶ ይሰር አሉ።

ጳጉሜን 1

የመጣችው ጣይባ ናት።

ጳጉሜን 4

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ግንቡ ሥር እንሠራለን። እሷ እጇን እስከ ብብቷ ድረስ ስልቻው ውስጥ ታስገባለች። ቀጥዬ እኔ አስገባለሁ። ሁለታችን ሳንዳስሰው የሚታሰር የለም። ከሌላው ሰው ጋር ታወራለች፤ ከእኔ ጋር አራት ቀን አንድ ቃል የለም።

ዛሬ አንድ ስልቻ በጉልበቷ መሀል ይዛ፣ ዓይኗን ሳታነሳ እጇን ዘረጋች።

"ገበያ፣ ቀዩን ክር አቀብይኝ።"

አቀበልኳት።