ዋናው የት ነው?

ጥቅምት 4
የውሃ ተራችን ነበር። ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁ፣ አንሶላ አጠብኩ። እያሰጣሁ ወንድዬ መጥሪያ ይዞ መጣ። የእቴቴ አጸደ የወንድም ልጅ። "ዝምድና የለሽም፣ ቤቱን ልቀቂ።" እቴቴ ከሞተች ገና አራት ወሯ... ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ! ዝምድና የለሽም?

ጥቅምት 9
ጋሽ ተክለማርያም የኑዛዜዋ ምስክር ነበሩ። እሳቸው ጋ ያስቀመጠችውን ኮፒ ሰጡኝ። ቤቱን ለእኔ ትታለች። "ልጄ ራዕይ" ይላል። አለቀስኩ።
18 ማዞሪያ ጠበቃ ዘመነች ጋ ወሰድኩት። ገለበጥ አድርጋ አየችው። "ኮፒ ብቻውን አያዋጣም። ዋናው የት ነው?"
ጠፋ አልኳት።

ጥቅምት 10
እዚህ እንኳ ልጻፈው። አልጠፋም። አቃጥዬዋለሁ።
ሚያዝያ ላይ ሆስፒታል ስትተኛ ነርሷ የአንገቷን ክታብ ፈትታ ሰጠችኝ። እሷ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ሰው፣ እኔ የቸርች ሰው... ያሳመማት ይሄ ነው ብዬ ጓሮ ወስጄ፣ እየጸለይኩ አቃጠልኩት። ሳልከፍተው። ትናንት ጋሽ ተክለማርያም፣ "ዋናውንማ ሌባ እንዳይነካው ክታብ አስመስላ ቆዳ ውስጥ ሰፋችው" አሉኝ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ኅዳር 2
ለዘመነች እውነቱን ነገርኳት። "ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ኮፒውን በምስክር አስደግፈን እንሞክር ነበር። እሱም በስንት መከራ። ራሴ አቃጠልኩት ካልሽ ግን አለቀልን።" ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሆስፒታል ጠፋ በይ። ማን ያውቃል?"

ኅዳር 3
ጸሎትም እምቢ አለኝ።

ኅዳር 18
ፍርድ ቤት። "ሆስፒታል ጠፋ" ማለትን ስለማመድ ነው የሰነበትኩት። ዳኛዋ ቀና ብለው፣ "ዋናው የት እንደገባ ያውቃሉ?"
እቴቴም እንደዚሁ ነበር የጠየቀችኝ። ከሆስፒታል እንደተመለሰች፣ አንገቷን እየዳበሰች። "የኔ ልጅ፣ የአንገቴ የት እንደገባ ታውቂያለሽ?" አላውቅም አልኳት። እስክትሞት ፈለገችው።
"አቃጠልኩት" አልኩ ለዳኛዋ። ወንድዬ ሳቀ። ዘመነች እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ታኅሣሥ 12
ኮፒው ተቀባይነት አላገኘም። ቁልፉን ለወንድዬ ሰጠሁት። ሳንሱሲ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ።
"እውነት ተናግረሻል፣ ጌታ ያይልሻል" ይሉኛል የቸርች ልጆች። ምኑን? የተናገርኩት ለማያውቁኝ ሰዎች ነው። መስማት የነበረባት አንዲት ሴት ነበረች። እሷ ፍራሽ ስር ስትፈልግ ግን፣ እኔ ፍራሹን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት።